ማግኔት የሚስበውና የማይስበው ስሙኒ

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቀርበን ጥቂት ቃል የምንናገረው በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት በብረት ላይ ስለሚለበጠው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ነገር ከኢሉባቦር ጋር ምን ዝምድና አለው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት መልስም አለው። አንደኛው መልስ በየቤታችን በሣጥን ጥግ ተረስቶ የሚገኘው ስሙኒ ነው። ሁለተኛው በቅርቡ በመካከላችን የተነሣው አሳብ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን በመቱ ከተማ አንድ ትንሽ የልብጥ ሥራ ቤት እንክፈት፥ ያለቀ የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ዕቃ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ አዲስ አበባ ከሚሄድ እዚሁ ይታደስ የሚለው ነው። አሳቡን የሚደግፉም የሚቃወሙም አሉ። እኛ ግን ከድጋፉም ከተቃውሞውም በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ይታወቅ ብለን ተነሥተናል።

እንግዲህ ከስሙኒው እንጀምር። አንድ ማግኔት ያዙ፤ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ቢሆን ይበቃል። ሦስት ሳንቲምም አቅርቡ። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. የወጣው የ25 መቶኛ ነው፤ ይህን ለማግኘት አያቶቻችሁን መለመን ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው 1969 የሚል ቍጥር ያለበት፥ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት የ25 ሳንቲም ስሙኒ ነው። ሦስተኛው ያንኑ አንበሳ ይዞ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የተመታው ነው። ሦስቱም በመልካቸው ነጭ ናቸው። ማግኔቱን ስታስጠጉ ግን የመጀመሪያው ዘሎ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው እንደ ገና ይለጠፋል።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? የመጀመሪያው በሙሉ ኒኬል ነው፤ ኒኬልም እንደ ብረት በማግኔት ከሚሳቡት ጥቂት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለተኛው ከመቶው 75 እጅ መዳብ፥ 25 እጅ ኒኬል የሆነ ቅይጥ ነው። ሦስተኛው ሆዱ ተራ ብረት ሆኖ ኒኬልና መዳብ ያለበት ስስ ቆዳ የለበሰ ነው። አንደኛው የተሳበው በራሱ ባሕርይ ነው፤ ሦስተኛው የተሳበው በሆዱ ነው። ማግኔቱ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ ቢሰጥም ምክንያቱ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ይህን ልዩነት እስከ ንግግራችን መጨረሻ እንድትይዙልን እንለምናችኋለን።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ ጎሬን ሳናነሣ አናልፍም። ከዚህ ሁሉ በፊት በጎሬ ገበያ ይዘዋወር የነበረው ጠገራ ብር ነው፤ ይኸውም 1780 የሚል ቍጥር ያለበት የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በዚያን ጊዜ የኢሉባቦር ቡና በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ባላገሩም ነጋዴውም ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቈጥር ነበር፤ ምክንያቱም የገንዘቡ ዋጋ ያለው በራሱ በብረቱ ውስጥ ስለ ሆነ የተበላሸ ብር መቀበል ማለት የተበላሸ ቡና ገዝቶ ከመቅረት የሚለይ አልነበረም።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ 50 ሳንቲሙ ብር፥ ከዚያ በታች ያሉት ግን የመዳብ ዘር ነበሩ። የ25 ሳንቲሙ መጠን ከ50ው ጋር እጅግ የተቀራረበ ስለ ነበረ ችግር አመጣና በ1940ዎቹ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እየተከረከመ እንዲወጣ ተደረገ። ስለ ልብጥ ጥቂት ያወቀ ሰው የዚህን ለውጥ ጥቅም ለመረዳት ብዙ አይቸግረውም። ክቡ ቀይ ስሙኒ ስስ የብር ቆዳ ቢለብስ በምሽት መብራት ማን ከሽልንግ ይለየዋል? ጠርዙን ግን ምንም ልብጥ ክብ ሊያደርገው አይችልም።

በቋንቋችን «የለበጣ ሳቅ» የሚባል ነገር አለ፤ ከላይ ብቻ የሆነ፥ ከሆድ ያልመጣ ሳቅ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የተለበጠ ነገር ሲባል ወዲያው ማታለል ይመስለዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። የዛሬው ስሙኒ ዋጋ የሚያገኘው ከሕግ እንጂ ከብረቱ ስላልሆነ ሆዱ ብረት መሆኑ ማንንም አይጎዳም። ልብጥ ማታለል የሚሆነው ቆዳው አልችለውም የሚለውን ሥራ እችለዋለሁ ብሎ የሚሸጥለት ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ቅይጡ እንግባ። ኒኬልና መዳብ ከጥንት ጀምሮ ተቀላቅለው ሲኖሩ የታወቁ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገር የነገሡት የባክትሪያ ነገሥታት ከሁለቱ ቅይጥ ገንዘብ መትተዋል። በኛ ዘመን አቈጣጠር ሳይሆን በአውሮፓውያኑ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቤልጅግ መንግሥት 75 በ25 የሆነውን ቅይጥ ለሳንቲም አዋለ፤ የኛው የ1969ኙ ስሙኒ የዚያ ዘር ነው። መዳቡ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳለ ቀይነቱ ጠፍቶ ነጭ መሆኑ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

ሁለቱ እንዲህ የሚስማሙት በአቶሞቻቸው አደራደር ምክንያት ነው። የመዳብም የኒኬልም አቶሞች የሚደረደሩት በአንድ ዓይነት ቅርጽ ነው፤ በሳጥን ማዕዘኖችና በየፊቱ መካከል አንድ አንድ አቶም ሆነው። የሳጥኑ ጐን በኒኬል 0.352፥ በመዳብ 0.361 ናኖ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ ስለማይሞላ አንዱ በሌላው ወንበር ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ስለዚህ ጤፍና ማሽላ በአንድ ጆንያ እንደ መቀላቀል አይደለም፤ ወተት በቡና ውስጥ እንደ መግባት ነው። በየትኛውም መጠን ቢቀላቀሉ አንድ አካል ይሆናሉ። በኤክስ ሬይ ሲመረመሩም የሳጥኑ ጐን በሁለቱ ቍጥሮች መካከል፥ በመጠናቸው ልክ ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ይህን ስምምነት ያገኘነው በእሳት አቅልጠን ስንቀላቅላቸው ነው። በኤሌክትሪክ ልንለብጥ ስንነሣ ግን ሁለቱ ወዳጆች ይጣላሉ። እንዴት እንደ ሆነ እናስረዳ።

የልብጥ ሥራ በመሠረቱ ቀላል ነው። የብረቱ ጨው በተሟሟበት ውኃ ውስጥ ዕቃው ይንጠለጠላል፤ ዕቃው ከኤሌክትሪኩ ኔጋቲቭ ጫፍ፥ ሌላ የብረት ቁራጭ ከፖዚቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛሉ። በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉት የብረት አዮኖች ወደ ዕቃው ሄደው ኤሌክትሮን እየተቀበሉ ብረት ሆነው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1805 ኢጣልያዊው ብሩኛቴሊ በቮልታ ባትሪ የብር ዕቃ በወርቅ ለብጧል፤ ከ1840 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የኤልኪንግተን ቤተ ሰብ ሥራውን ወደ ንግድ አውጥቶታል። ስሌቱም የፋራዴይ ሕግ ነው፤ አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢሄድ 1.19 ግራም መዳብ ወይም 1.10 ግራም ኒኬል ያስቀምጣል። አንድ አምፔር በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 25 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው የኒኬል ቆዳ ይገኛል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የምትጽፉበት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ነውና ቆዳው የወረቀት ሩብ ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን ኤሌክትሪኩ በሙሉ ብረት በማስቀመጥ ላይ ሲውል ነው፤ ከፊሉ በዕቃው ፊት ሃይድሮጅን በማፍለቅ ይባክናል፤ አረፋው የተቀመጠበትም ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

ጠቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። መዳብ ቸኳይ ነው፤ ኒኬል ዘገምተኛ ነው። በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ የመዳብ ቍጥር ፕላስ 0.34 ቮልት፥ የኒኬል ማይነስ 0.25 ቮልት ነው፤ በመካከላቸው የ0.6 ቮልት ያህል ልዩነት አለ። ሁለቱን ጨዎች በእኩል መጠን ከቀላቀላችሁና ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ ከሰደዳችሁ የሚለበጠው መዳብ ብቻ ነው፤ ኒኬሉ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ኤሌክትሪኩን አብዝታችሁ ኒኬሉን ብታስገድዱት ደግሞ መዳቡ በችኮላው እንደ ጥቀርሻ የሚበትን፥ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ይሆናል።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሁለት ዘዴ ይዘዋል። አንደኛው ቸኳዩን በቍጥር ማሳነስ ነው፤ በመንከሪያው ውስጥ ኒኬሉን ከመዳቡ ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። ሁለተኛው ቸኳዩን በያዥ ማስያዝ ነው። ያዡም ሲትሬት ነው፤ ሎሚን ሎሚ ካደረገው ከሲትሪክ አሲድ የሚገኝ ጨው ነው። ሲትሬት የመዳቡን አዮን ከብቦ ይይዘዋል፤ መዳቡም ከያዡ እጅ ለመውጣት ተጨማሪ ኃይል ስለሚያስፈልገው ፍጥነቱ ወደ ኒኬል ይቀርባል። እንዲህ ሲሆን አንድ ላይ ይወርዱና በአንድ ሳጥን ይደረደራሉ፤ ጠቡ በሽምግልና አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መዳቡ በቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ነው ወደ ዕቃው የሚደርሰው። ኤሌክትሪኩን ስንጨምር ተጨማሪውን የሚወስደው ኒኬሉ ነው፤ ውኃውን ስናማስል ደግሞ ብዙ መዳብ ስለሚደርስ የመዳቡ ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ በልብጡ ውስጥ ከመቶ ስንት እጅ ኒኬል እንዳለ የሚወስነው የጨው ገዢው ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ ማርሽና የማማሰያው እጅም ናቸው።

ከዚህ ተነሥታችሁ የከተማችንን መብራት አስቡ። በመቱ አጠገብ ሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ መተከሉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አምፖላችን በምሽት እንዴት እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ፥ ከዚያም ድርግም እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ይህ መዋዠቅ የሚጠባበቅ ዕቃ ሳይኖር በመንከሪያው ላይ ቢደርስ እያንዳንዱ መድመቅ ኒኬል የበዛበት፥ እያንዳንዱ መደብዘዝ መዳብ የበዛበት ንጣፍ እየተወ ይሄዳል። የዛፍ ግንድ በቀለበቶቹ የዝናቡን ዓመት እንደሚናገር ልብጡም የመብራት ኃይሉን ታሪክ በሆዱ ይጽፋል። (በሠለጠኑት አገሮች ላቦራቶሪዎች ይህንኑ ሆን ብለው በሰዓት እየቈጠሩ ያደርጉታል፤ ስስ የመዳብና የኒኬል ንጣፎችን ከአንድ መንከሪያ እያፈራረቁ ያወጣሉ። እኛ ሳንፈልግ በነጻ የምናገኘውን እነሱ በብዙ ዋጋ ይሠሩታል!) መብራቱ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። የሚገፋ ኤሌክትሪክ ከሌለ በውኃው ያለው መዳብ በልብጡ ላይ ያለውን ኒኬል እያስለቀቀ በቦታው ይቀመጣል። ስለዚህ የልብጥ ሥራ ቤት እንክፈት የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪና ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል ሬክቲፋየር ይግዛ፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም ዕቃውን ወዲያው ከውኃው የሚያወጣ ሰው ይመድብ።

ሌላው የሥራው ምሥጢር እጥበት ነው። ልብጥ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ በጨው ስሕተት ሳይሆን በቅባት ነው። የዕቃው ንጽሕና የሚፈተነውም በውኃ ነው። በጎደሬ ቅጠል ላይ ውኃ ስታፈስሱ እንደ ብርጭቆ ጨሌ እየተንከባለለ እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። ታጠበ የተባለው ብረት ላይ ውኃው እንዲህ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቅባት አለበት፤ ንጹሕ ብረት ላይ ውኃ ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

አሁን ቅይጡ በሚገባ ተለብጦ ወጣ እንበል። ምን ባሕርይ ይኖረዋል?

በመጀመሪያ ጠንካራ ይሆናል። በእሳት ቀልጦ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ቅንጣቶቹ ትልልቆች ናቸው፤ ተቈርጦ ሲወለወል በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። ከመንከሪያ የወጣው ልብጥ ግን ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች በሚቈጠር ናኖ ሜትር የሚለኩ ደቃቆች ናቸው። ብረት የሚጐብጠው ወይም የሚጫረው በውስጡ ያሉ የአቶም ረድፎች ሲንሸራተቱ ነው፤ መንሸራተቱም በየቅንጣቱ ድንበር ይገታል። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ሲሮጥና በየአሥር እርምጃው አጥር ባለበት ሠፈር ሲሮጥ ያለውን ልዩነት አስቡ። አጥሩ ሲበዛ ብረቱ ይጠነክራል። በዚህም ላይ የመዳቡና የኒኬሉ አቶሞች መጠን ጥቂት መለያየቱ መንገዱን አባጣ ጐባጣ ያደርገዋልና ሌላ ጥንካሬ ይጨምራል። ነገር ግን ልብጡ በውስጡ ውጥረት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ውጥረቱ ከበዛ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የማግኔቱ ጉዳይ ነው። በኒኬል ውስጥ ለማግኔትነቱ ምክንያት የሆኑ፥ በአንድ አቶም በአማካይ 0.6 ያህል የሚደርሱ ባዶ የኤሌክትሮን ቦታዎች አሉ። መዳብ ከኒኬል አንድ ኤሌክትሮን ይበልጣል፤ በቅይጡ ሲገባ ያን ትርፍ ኤሌክትሮን አምጥቶ ባዶውን ይሞላል። ስለዚህ መዳቡ ከመቶ ወደ 60 ሲደርስ ባዶ ቦታው አለቀ፤ ማግኔትነቱም በማንኛውም ብርድ ቢሆን አይመለስም። በክፍላችን ሙቀት ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፥ መዳቡ ከመቶ ሢሶ ገደማ ሲሆን ይጠፋል። ንጹሕ ኒኬል ማግኔትነቱን የሚያጣው 358 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው፤ መዳብ በተጨመረ ቍጥር ይህ ዲግሪ እየወረደ ይመጣል። ከመቶ 75 መዳብ የሆነው የ1969ኙ ስሙኒ ማግኔታችንን የናቀው ለዚህ ነው። ከዚህም ለሥራችን የሚረዳ ፍተሻ እናገኛለን፤ በናስ ቁራጭ ላይ የለበጥነውን ቅይጥ ማግኔት ከሳበው ልብጡ ኒኬል የበዛበት ነው፤ ካልሳበው መዳቡ ከሢሶው አልፏል። በብረት ላይ የለበጥነው ከሆነ ግን እንደ ሦስተኛው ስሙኒ የሚመልስልን ሆዱ ስለ ሆነ ፍተሻው ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው፥ ለኢሉባቦር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው፥ የዝገት ነገር ነው። በጎሬ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመቱ እስከ ቡሬ፥ ከያዮ እስከ በደሌ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ቆርቆሮው ስንት ክረምት እንደሚችል ይቈጥራል። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኒኬልና መዳብ ዝገትን እንዲህ የሚችል ከሆነ ለጣራችን ለምን አይሆንም?» ማለታቸው አያስደንቅም። ከመቶ 30 ገደማ መዳብ የሆነው የኒኬል ቅይጥ በእውነትም የባሕርን ውኃ ይችላል፤ ሞኔል በሚባል ስም በመርከብ ዕቃ ላይ ሲያገለግል ኖሯል። ለጣራ ግን አይሆንም፤ ዋጋው ውድ ከመሆኑ ሌላ መሠረታዊ ምክንያት አለ።

ቆርቆሮ የተለበጠው በዚንክ ነው። ዚንክ በዚያው ሠንጠረዥ ከብረት በታች ይገኛል፤ ብረት ማይነስ 0.44፥ ዚንክ ማይነስ 0.76 ነው። ቆርቆሮው ቢጫር ወይም በሚስማር ቢበሳ ዝናቡ ሲመጣ የሚበላው ዚንኩ ነው። ዚንክ የብረት ዋስ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለ ዕዳው ሲያዝ ዋሱ ከኪሱ ይከፍላል፤ ብረቱን ዝገት የሚይዘው የዋሱ ገንዘብ ሲያልቅ ነው። ኒኬልና መዳብ ግን ከብረት በላይ ናቸው። እነሱ እንደ ግንብ አጥር ናቸው፤ አጥሩ ሳይፈርስ እጅግ መልካም ነው፤ አንድ ቀዳዳ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ በኩል በብረቱ ላይ ይወርዳል። ብረቱ ለልብጡ ዕዳ ከፋይ ይሆንና ከተራው ብረት ይልቅ ፈጥኖ ይበሳል። ሚስማር የማይመታበት ጣራ ደግሞ የት አለ? (በዚህ አጋጣሚ እንናገርና፤ ገበያ ላይ ሁላችንም «ስንት ጌጅ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ጌጁ የሚነግረን የቆርቆሮውን ውፍረት ነው እንጂ የዚንኩን ውፍረት አይደለም። ዕድሜ የሚሰጠው ግን ዚንኩ ነው።)

እንግዲህ የልብጥ ሥራ ቤቱ ቢከፈት ለምን ሊያገለግል ይችላል? ለጣራ አይደለም፤ ለበር እጀታና ለጌጥም ባይሆን እንመርጣለን፤ በኒኬል ምክንያት ቆዳቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና። የሚጠቅመው እርስ በርሱ እየተፋተገ ለሚያልቅ፥ በእርጥበት ውስጥ ለሚሠራና ሚስማር ለማይነካው የማሽን ክፍል ነው፤ ለውኃ መሳቢያ ዘንግ፥ ለወፍጮ ቤት መሸከሚያ፥ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ አንዳንድ መቆለፊያና ዘንግ። የታጠበ ቡና በሚዘጋጅበት ቦታ የቡናው ልጥ ሲቦካ ውኃው ይኰመጥጣል፤ እዚያ ተራ ብረት ወቅቱን ሳይጨርስ ይበላል። ቡናውን በቀጥታ የሚነካው ክፍል ግን ከኛ ልብጥ ይራቅ፤ የቡናው ስምም የጠጪውም ጤና ከአንድ ዘንግ ይበልጣሉ።

ሥራውን ማን ይሥራው ለሚለውም ቃል አለን። በአገራችን ብረት የሚያቀልጠውና የሚቀጠቅጠው ሰው፥ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው፥ ለብዙ ዘመን ማረሻ እየሠራ ሲመግበን ሲናቅ ኖሯል። ዛሬ የኬሚስትሪ ተማሪ ስለ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ፈተና አልፎ ብረት የሚወለውለውን ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያይ ከሆነ ያ ንቀት ዩኒፎርም ለውጦ መጣ እንጂ አልጠፋም። ዕቃን አጥቦ፥ አጋግሎ፥ ጐኑን በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ከሌለ የኛ ቀመር በሰሌዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ ቤቱ ቢከፈት የብረት ሠራተኞቹ ተቀጣሪ ሳይሆኑ ባለ ድርሻ ይሁኑ የሚል አሳብ እናቀርባለን።

በመጨረሻ የቆሻሻውን ውኃ ነገር እንናገራለን፤ ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀን እሱ ነውና። የተለመደው የልብጥ መንከሪያ በአንድ ሊትር 60 ግራም ያህል ኒኬል ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው ኒኬል በሊትር 0.07 ሚሊ ግራም ነው። እስቲ እናካፍለው፤ ከመንከሪያው የፈሰሰች አንዲት ሊትር እስከዚህ መጠን እንድትቀጥን ከ850 ሺህ ሊትር በላይ ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋታል። የመቱ ውኃ ሁሉ ወደ ሶር፥ ሶርም ወደ ባሮ ይወርዳል፤ በባሮ ዳር የሚጠጡትና ዓሣ የሚያጠምዱት የጋምቤላ ወንድሞቻችን በዚህ ስብሰባ ላይ ድምፅ የላቸውም።

መጻሕፍቱ «ኖራ ጨምሩበት፤ ኒኬሉ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል» ይላሉ። ይህ ለተራው የኒኬል ውኃ እውነት ነው። ለኛ ቅይጥ ግን አይበቃም። መዳቡን ይዞ ያስታረቀልን ያው ሲትሬት ኒኬሉንም መዳቡንም በውኃው ውስጥ አጥብቆ ስለሚይዝ ኖራው ቢጨመርም አብዛኛው ሳይዘቅጥ ይቀራል። አስቀድሞ ሲትሬቱን ማፍረስ፥ ወይም ከሲትሬቱ ይልቅ ብረቱን አጥብቆ በሚስብ በሰልፋይድ ማዝቀጥ ያስፈልጋል፤ ሰልፋይዱም በአሲድ ከተነካ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ላልሠለጠነ እጅ የሚሰጥ አይደለም። የዘቀጠውም ጭቃ ቢሆን በክረምት ጎርፍ የማይደርስበት ማስቀመጫ ይፈልጋል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። የኒኬል ጨው ከመገዛቱ በፊት፥ ቤትም ከመከራየቱ በፊት፥ በላቦራቶሪ ውስጥ በመምህር ፊት አንዲት ሊትር መንከሪያ ብቻ ይዘጋጅ። በመጀመሪያ የሚሞከረው ልብጡ ሳይሆን ያንኑ ሊትር ማጽዳቱ ይሁን። የጸዳው ውኃ ተለክቶ ቍጥሩ በዚሁ መጽሔት ይውጣ። ቍጥሩ ከተፈቀደው በታች ከሆነ ስለ ገንዘብ መዋጮው በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገራለን፤ በላይ ከሆነም ገንዘባችሁ በኪሳችሁ ነው። ማግኔቱና ሦስቱ ሳንቲሞች በጠረጴዛው ላይ ስላሉ መሞከር የሚፈልግ ሁሉ ይቅረብ፤ የ1923ቱን ግን ባለቤቷ እናታችን በአደራ ስለ ሰጡን ወደ ኪስ እንዳይገባ አደራ።